የመሣሪያ ዛፍ ዜና መዋዕል

የሊኑክስ ከርነል ያረፈበትን ቦርድ ማንነት ከማን እንደሚሰማ፣ ይህንም ሥርዓት ያቀኑ ሰዎች ድካም እንዳይረሳ ይህ ተጻፈ። ዘመኑም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰን ማይክሮሲስተምስ ቤት ሚች ብራድሊ የሚባል ባለሙያ ነበረ። እርሱም በፎርዝ ቋንቋ ኦፕን ቡት የተባለውን ማስነሻ ሠራ። ማሽኑ ሲከፈት በውስጡ ያሉትን ዕቃዎች በዛፍ አምሳል ደርድሮ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክብ ነበር። በ1994ም ሥርዓቱ ኦፕን ፈርምዌር ተብሎ የአይትሪፕልኢ 1275ኛ ደንብ ሆነ፤ አፕልና አይቢኤምም በፓወርፒሲ ማሽኖቻቸው ተቀበሉት።

ለትንንሾቹ ቦርዶች ግን ያን የሚያህል ፈርምዌር ከበዳቸው። ስለዚህ ቤንጃሚን ሄረንሽሚት በ2005 ዛፉን ከፈርምዌሩ ለይቶ አንድ ጠፍጣፋ ፋይል አደረገው፤ ዴቪድ ጊብሰንም ዲቲሲ የተባለውን ኮምፓይለር ጻፈ። በእርሱም ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ወደ ባይት ይለወጣል። የመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች እንደ ማኅተም ናቸውና ከርነሉ እነርሱን ሳያይ የቀረውን አያምንም።

በአርም ፕሮሰሰሮች በኩል በዚያ ወራት ሥርዓት አልነበረም። ቡትሎደሩ ለከርነሉ የሚያቀብለው በአር1 ሬጅስተር አንድ የማሽን ቁጥር፣ በአር2 የአጭር ዝርዝር አድራሻ ብቻ ነበር። የቁጥሮቹን መዝገብ ራስል ኪንግ ይጠብቅ ነበር። የቀረው ሁሉ፣ ክሎኩም ፒኑም የኢንተራፕት መስመሩም፣ በከርነሉ ውስጥ በሲ ቋንቋ ይጻፋል። አንድ ፋብሪካ አንዲት ሴሪያል ወደብ ቢያዛውር አዲስ የቦርድ ፋይል ይወለዳል፤ ለአንዱ ፋብሪካ ቺፕ የተሠራው ከርነልም በሌላው አይነሣም።

በእኛ አቈጣጠር በ2003 ዓመተ ምሕረት በዘመነ ሉቃስ፣ መጋቢት 8 ቀን በዕለተ ሐሙስ፣ በፈረንጆቹ ማርች 17 ቀን 2011፣ ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ እጅግ ተቈጣ። ለ2.6.39 ከርነል የመጣውን የኦማፕ ቺፖች ለውጥ ሲቀበል የአርም ሰዎች ሳይመካከሩ አንዱ የሌላውን ፋይል ሲረግጥ አይቶ ነበርና። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ፍርዱ ግን እውነት ነው። ከርነል የየፋብሪካው የሽቦ መዝገብ ሊሆን አይገባም።

ከዚህ በኋላ አርንድ በርግማንና ኦሎፍ ዮሐንሰን የአርም ለውጦች ተጣርተው የሚያልፉበትን በር አቆሙ። ግራንት ላይክሊም ከዚያ በፊት ጀምሮ ሲደክምበት የነበረውን ዛፍ በአርም ተከለ። ያን ጊዜ አር2 የዛፉን አድራሻ መያዝ ጀመረ። ዩቡት የተባለው ቡትሎደር ዛፉን ከፍላሽ ወደ ራም ያወርዳል፤ የራሙን ልክ ያስተካክላል፤ ቾዝን በተባለው ቅርንጫፍ የማስነሻ ትእዛዙን ይጽፋል፤ ከዚያም ሥልጣኑን ለከርነሉ ይለቃል። ከርነሉም ኮምፓቲብል የሚለውን መስመር ያነባል። በዚያ ከልዩ ስም ወደ ወል ስም ይወረዳል፤ ቢግልቦርድ ለተባለው ቦርድ አስቀድሞ የቦርዱ ስም፣ ቀጥሎ የቺፑ ስም ኦማፕ3 ይመጣል። የመጀመሪያውን የሚያውቅ ባይገኝ ሁለተኛው ያነሣዋል።

በ2012 ዓመት ታኅሣሥ ሲገባ 3.7 ከርነል ወጣ፤ አንዱ ከርነልም የብዙ ፋብሪካዎችን የአርም ቦርዶች ማስነሣት ቻለ። ባለ64 ቢቱ አርም በዚያው ገባ፤ የቦርድ ፋይልን መከራ ከቶ አላየም። በ2014ም የራስፕበሪ ፓይ ሰዎች በቦርዱ ላይ የሚደረቡት ተጨማሪ ካርዶች የዛፋቸውን ቅጥያ በገዛ ኢኢፕሮማቸው ይዘው እንዲመጡ ደነገጉ።

በ2016 የዛፉ ደንብ ከየትኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተለይቶ ታተመ። የዛፎቹ ምንጭ ጽሑፍ ግን ዛሬም በሊኑክስ ማከማቻ ውስጥ ይኖራል፤ ዩቡትም ከዚያ ይቀዳል። አሮጌ ዛፍ በአዲስ ከርነል ይሠራል የሚለው ቃል ኪዳንም አልፎ አልፎ ይፈርሳል፤ በዚያን ጊዜ የሚጎዳው መሣሪያው ከእጁ ርቆ በየሰው ቤትና በየፋብሪካው የተተከለበት መሐንዲስ ነው።