የሶላር ሽቦ ዝርጋታ ደንብ፦ የቱ ግዴታ፣ የቱ ምክር ነው?

በካምፕ ውስጥ ሶላር የሚዘረጋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የለመደው ሌላ ሰው ሲሠራ አይቶ ነው። የደንቡን መጽሐፍ ገልጦ ያየ ጥቂት ነው፤ ቢያገኘውም እንግሊዝኛው ይከብዳል። ደንቡ ለምን እንደተጻፈ ያወቀ ሰው ግን ዕቃ ባይሟላለት እንኳ የቱን መተው እንደሚቻልና የቱን በፍጹም መተው እንደማይቻል ይለያል።

ካኩማና ዳዳብ ያላችሁ በኬንያ ሕግ ሥር ናችሁ። ኬንያ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው የሶላር ደንብ ለዘርጊው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱም ቲ1፣ ቲ2፣ ቲ3 እየተባለ እንደ ሥራው ትልቅነት ይከፈላል። የቴክኒኩ ዝርዝር ደግሞ በዓለም አቀፉ አይኢሲ 60364 ክፍል 712 እና በአሜሪካው የኤሌክትሪክ ኮድ አንቀጽ 690 ይገኛል። እነዚህን ስታነቡ ሁለት ቃላት ለዩ። «ሻል» ካለ የግድ ነው። «ሹድ» ካለ ምክር ነው። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እነዚህን ሁለቱን ከማደባለቅ ነው።

«12 ቮልት ምን ያደርጋል?» ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፣ 12 ቮልት ነክቶ የሞተ ሰው አይገኝም። ቤት ግን ያቃጥላል። 100 አምፔር ሰዓት የሚባለው ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ በቀጥታ ከተነካኩ ለቅጽበት ከአንድ ሺህ አምፔር በላይ ይለቃል። ቀጭን ሽቦ በዚህ ጊዜ እንደ ምድጃ ሽቦ ይግላል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ከጎኑ ሸራ ወይም እንጨት ካለ ያው የታወቀ ነው። ቤቶቻችን ደግሞ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፣ እሳቱ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ፊውዝ «የግድ» የሚሆነውም ለዚህ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ቲቪውን ወይም አምፖሉን የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አይደለም፣ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቦታው ሽቦው ኃይል የሚቀበልበት ጫፍ ላይ፣ ማለትም በባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ነው፤ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ባይርቅ ጥሩ ነው። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው ነገር የለምና። መጠኑ ሲሰላ የሚሠራበትን አምፔር በ1.25 ማባዛት ነው፦ 8 አምፔር የሚጎትት ነገር ካለ 10 አምፔር ፊውዝ፣ ሽቦውም ከ10 አምፔር በላይ የሚችል። የመኪና ፊውዝ ለ12 ቮልት ይሆናል፣ ዋጋውም አይከብድም። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብር ወረቀት መጠቅለል ግን ፊውዙን ከነጭራሹ ማስቀረት ነው።

ፓኔል በኩል ስሌቱ ትንሽ ይለያል። በፓኔሉ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ወረቀት «አይኤስሲ» የሚል ቁጥር አለ፤ 100 ዋት ፓኔል ላይ 6 አምፔር አካባቢ ነው። የአሜሪካው ኮድ ይህን ሁለት ጊዜ በ1.25 እንድናበዛ ያዛል፦ አንዴ ፀሐይ ከላብራቶሪው መለኪያ በላይ ልትበረታ ስለምትችል፣ አንዴ ደግሞ ሽቦው ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ። 6 አምፔር 9.4 ይሆናል ማለት ነው። በፓራለል የተያያዙ ፓኔሎች ሦስት ሲሆኑ ለእያንዳንዱ ፊውዝ ያስፈልጋል። ለምን በሁለት አልሆነም? አንዱ ቢበላሽ የሌላው የአንድ ፓኔል አምፔር ብቻ ይመለስበታል፣ ያንን ይችላል። በሦስት ግን የሁለቱ ተደምሮ ይመጣበታል።

የሽቦ ውፍረት ላይ ደግሞ ምክሩና ግዴታው ተጣምረዋል። ሽቦው አምፔሩን መቻሉ ግዴታ ነው። በመንገድ የሚጠፋው ቮልት ከ3 በመቶ አይብለጥ የሚለው ግን በአሜሪካው ኮድ ምክር ነው። ብታልፉት ቤት አይቃጠልም፣ አምፖሉ ይደበዝዛል። ለምሳሌ 6 አምፔር 10 ሜትር ርቆ ቢሄድ (ደርሶ መልስ 20 ሜትር)፣ በ2.5 ሽቦ 0.84 ቮልት ይጠፋል፤ ይህ 7 በመቶ ነው። ወደ 3 በመቶ ለማውረድ 6 ካሬ ሚሊሜትር ይጠይቃል። ገንዘቡ ከሌለ ባትሪውን ማቅረብ ይሻላል። ሽቦ ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቁት፤ ከላይ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ የተጻፈበትን አይችልም።

ማጥፊያና ብሬከር ስትመርጡም ምልክቱን እዩ። የሞገድ ምልክት ያለበት ለኤሲ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ከሥሩ ነጠብጣብ ወይም የተቆራረጠ መስመር ያለበት ለዲሲ ነው። የቤት ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው በራሱ ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ የለውም፣ ብልጭታው ሊቀጥል ይችላል፤ ፓኔሎች አንዱ ባንዱ ጫፍ ተቀጥለው ቮልቱ ሲያድግ ደግሞ ይብሳል። የፓኔል ማያያዣም ኃይል እየሄደበት አይነቀልም። ፀሐይ ካለ ፓኔል አይጠፋምና፣ መጀመሪያ በማጥፊያው ዝጉ፤ ማጥፊያ ከሌለ በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑት።

ኢንቨርተር ካላችሁ ከዚያ ወዲያ ያለው 240 ቮልት ነው፣ ያ ይገድላል። እርጥብ እጅ፣ የተላጠ ሽቦ፣ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ እዚያ ቦታ የላቸውም።

ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ክፍል፣ ከከሰል ማንደጃ አጠገብ ወይም ልጆች በሚተኙበት ራስጌ አይቀመጥም። ኮንትሮለር ስትገጥሙ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን አገናኙ፤ ስትፈቱ በተቃራኒው፣ ፓኔሉን አስቀድሙ። ብዙ ኮንትሮለር የባትሪውን ቮልት አይቶ ነው ራሱን የሚያስተካክለው፤ ፓኔሉ ከቀደመ ሊበላሽ ይችላል።

ለሠራተኛ ከፍላችሁ የምታሠሩ ከሆነ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የባትሪው ፊውዝ የት ነው፣ ስንት አምፔር ነው፣ ሽቦውስ ስንት ይችላል?