ስለ ፈታዮችና ስለ ሸማኔዎች ማኅበር

ወጣቶች ሆይ፥ ዛሬ ጠዋት ከቤታችሁ ስትወጡ እናታችሁ ነጠላዋን አጣፍታ፥ አባታችሁም ጋቢውን ተከናንቦ አይታችኋቸው ይሆናል። ነጠላውና ጋቢው ከየት እንደ መጣ ብትጠየቁ «ከገበያ ተገዛ» ብላችሁ ትመልሱ ይሆናል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ዳሩ ግን ጐደሎ ነው። ልብስ ገበያ ከመድረሱ በፊት የብዙ ሰው እጅ ያልፍበታል። ያን እጅ የማያውቅ ሰው ልብሱን ለብሶ የለባሹን ያህል አያመሰግንም። ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ ስለ ፈታዮችና ስለ ሸማኔዎች፥ ስለ ሥራቸውና ስለ ማኅበራዊ ኑሯቸው ጥቂት ልነግራችሁ አስባለሁ።

የፈትልና የሽመና ሥራ በአገራችን የትናንት ሥራ አይደለም። በጥንታዊቷ አክሱም ፍርስራሽ ውስጥ በእንዝርት እግር ላይ ይሰኩ የነበሩ ክብ ሸክላዎች ተገኝተዋል። በአራተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነገሠው ንጉሥ ዒዛናም ወደ ኖባ አገር ዘምቶ ስላገኘው ድል ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ውስጥ ጥጥ ተጠቅሷል። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመንም በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤልና እስላሞች፥ በሸዋ አርጎባዎች፥ በደቡብም የጋሞ ሰዎች በሽመና የታወቁ ሆነው ኖረዋል። እንግዲህ አንዱ በኦሪት፥ አንዱ በቁርኣን፥ አንዱም በአባቶቹ ሥርዓት ሲኖር፥ ሁሉም አገሪቱን በአንድነት አልብሰዋታል ማለት ነው። ካህኑም ወደ ቅዳሴ ሲሄድ፥ ሼኩም ወደ መስጊድ ሲገባ የለበሰው ነጭ ሸማ ሃይማኖቱ ከእርሱ ልዩ ከሆነ ሰው እጅ የወጣ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሥራውን በቅደም ተከተል እንመልከት። ጥጡ ከተለቀመ በኋላ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ ይዳመጣል፤ ፍሬውም ከጥጡ ይለያል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ያን ጊዜ ጥጡ ተበትኖና ሳስቶ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን ፈታይዋ በግራ እጅዋ ይዛ፥ እንዝርቱን በቀኝ እጅዋ እያሾረች ክር ታወጣለች። የተፈተለውም እየተጠቀለለ ልቃቂት ይሆናል። ለድር የሚሆነው ፈትል የከረረና ጠንካራ፥ ለማግ የሚሆነው ግን ላላ ያለና ለስላሳ መሆን አለበት። ይህን ልዩነት የፈታይዋ ጣት ያውቀዋል እንጂ በመለኪያ አይለካም።

ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ ሸማኔው ይሻገራል። ሸማኔው ድሩን አድርቶ በዕቃው ላይ ይወጥራል። ከዚያም በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ይሰድና መረገጫውን በየተራ ይረግጣል፤ ድሩ በተከፈተ ቍጥር መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራም ወደ ቀኝ ይወረውራል። እጁ፥ እግሩና ዓይኑ ባንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ አንዱ ቢዘነጋ ጨርቁ ይበላሻል። ወደ ጫፉ ሲደርስ ባለ ቀለሙን ክር እየመረጠ ጥለቱን ያወጣል። ጥለት የሚያወጣ ሸማኔ ክሩን የሚቈጥረው በልቡ ነው፤ ስለዚህ ፊደል ያልቈጠረ ሸማኔ ሒሳብ አያውቅም የሚል ሰው ሥራውን ያላየ ሰው ነው።

እንግዲህ እንደምታዩት ይህ ሥራ ለብቻ የሚሠራ አይደለም። በቀድሞው ዘመን በብዙ አገር ባለቤቲቱ ጥጡን ራስዋ ፈትላ ልቃቂቱን ለሸማኔ ትሰጥ ነበር፤ ሸማኔውም የድካሙን ዋጋ ተቀብሎ ሠርቶ ይመልስላት ነበር። ፈታዮችም ከሰዓት በኋላ እንዝርታቸውን ይዘው በአንዲቱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቡና እየተፈላ ይፈትላሉ፤ የታመመ ይጠየቃል፥ ያዘነ ይጽናናል፥ የተጣላ ይታረቃል። ልጆች የሌሏት ባልቴት ወይም ባሏ የሞተባት ሴት በእንዝርቷ ብቻ ሰው ሳታስቸግር ትኖር ነበር። መጽሐፈ ምሳሌም በመጨረሻው ምዕራፍ ልባም ሴትን ሲያመሰግን እጅዋን በእንዝርት ላይ እንዳኖረች መናገሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን፥ ወጣቶች ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ አሳፋሪ ነገር መናገር ይገባናል። አገራችን ሸማውን ስትወድ ሸማኔውን ንቃለች። በብዙ ስፍራ ባለ እጅ የሆነ ሰው ሁሉ በሥራው ስም ይሰደብ፥ ቡዳ ነው እየተባለ ይፈራና ይገለል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓመተ ምሕረት አዋጅ አስነገሩ። ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር አዘዙ፤ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ዘር መሆኑን አስታወሱ፤ ባለ እጅን የሚሰድብም እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዋጁ መልካም አዋጅ ነበር። ዳሩ ግን ስድብ ከአደባባይ ይልቅ በልብ ውስጥ ስለሚኖር በአንድ አዋጅ አልጠፋም።

አለመጥፋቱን የማውቀው ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የሸማኔ ልጅ የሆነ ጓደኛ ነበረን። በቍጥር ትምህርት ከሁላችን ይበልጥ ነበር። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ልጆች ከበውት እግሩን እንደ መረገጫ እያወዛወዙ በአባቱ ሥራ ዘበቱበት። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። በዚያን ጊዜ የተከናነብሁት ጋቢ እናቴ ክረምቱን ሙሉ የፈተለችው፥ የዚያ ልጅ አባት የሸመነው ጋቢ ነበር። ልጁ ጋቢውን አየ፥ እኔንም አየኝ፤ አንዳች ቃል ግን አልተናገረም። ከፋሲካ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ይቅርታ ልለምነው ብፈልግም ቤተ ሰቡ ከዚያ ከተማ ተነሥቶ ስለ ነበር አላገኘሁትም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሳስተምር፥ ልጆች በጓደኛቸው ሲስቁ ባየሁ ቍጥር የዚያ ልጅ ዝምታ ይታወሰኝ ነበር።

ስለ ሸማኔዎች ማኅበራዊ ኑሮ መማር የሚፈልግ ሰው በተለይ የጋሞን ሰዎች ቢመለከት ይጠቀማል። አገራቸው ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ ያለው ደጋ ነው፤ ጨንቻና ዶርዜ በዚያ ይገኛሉ። መሬቱ ጠባብ፥ ሰዉ ብዙ ስለ ሆነ፥ ከእርሻው ጋር ሽመናን ያዙ። ቡልኮ የሚባለው ወፍራም ልብሳቸው ለደጋ ብርድ የተገባ ነው። አዲስ አበባ ከተቈረቈረችና አገራቸውም በምኒልክ ግዛት ሥር ከሆነ በኋላ ብዙዎች ወደ ዋና ከተማዪቱ መጥተው በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። የከተማው ሰው ሁሉንም በጅምላ «ዶርዜ» ብሎ ጠራቸው፤ እነርሱ ግን ከብዙ ልዩ ልዩ የጋሞ አገሮች የመጡ ናቸው።

አመጣጣቸውም እንዲህ ነበር። አንዱ አስቀድሞ ይመጣና ቤት ይከራያል፤ ጉድጓድ ቈፍሮ ሥራ ይጀምራል። ቀጥሎ ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ይጠራል። አዲስ የመጣው ሰው የሚያድርበትን፥ የሚሠራበትን ዕቃና የመጀመሪያውን ክር የሚያገኘው ከአገሩ ልጆች ነው። ዕቁብ ገብተው ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ በዕድራቸው ሙታናቸውን ይቀብራሉ። መስቀል ሲደርስ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ይዘው ወደ ደጋቸው ይመለሳሉ፤ በዚያም ከዘመድ ጋር ይበላሉ፥ ዕዳ ይከፍላሉ፥ ልጆቻቸውን ይድራሉ። በአገራቸው ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ስፍራ አለ፤ በዚያ የተጣላ ይታረቃል፥ የአገር ጉዳይም ይመከራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያችን በእነዚህ ሰዎች ኑሮ ላይ ተገልጦ ይታያል።

ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግን መልካሙን ብቻ ቢጽፍ ሐሰተኛ ይሆናል። እነዚህ በከተማ በሽመናቸው የተናቁ ሰዎች በአገራቸው ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ይንቁ ነበር። በጋሞ ደጋ ሸማኔው ከባላገሩ ጋር እኩል ሲቈጠር፥ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ግን ከሌላው ጋር በጋብቻ አይቀላቀሉም፥ በሸንጎም እንደ ሌላው አይቈጠሩም ነበር። መናቅ ምን ያህል እንደሚያቈስል የሚያውቅ ሰው ሌላውን አይንቅም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሰው ልብ ራሱ የተመታበትን በትር አንሥቶ ከእርሱ በታች ያለውን ይመታበታል።

ሁለተኛውም ነውር የልጆች ነገር ነው። ልጅ በአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ማግ እያጠነጠነ ሥራ መማሩ መልካም ነው። ነገር ግን በኋላ ዘመን አንዳንድ ሰዎች ከደጋው ትንንሽ ልጆችን «በከተማ አስተምራቸዋለሁ» እያሉ ከወላጆቻቸው ወስደው፥ ያለ ትምህርትና ያለ በቂ ምግብ ከማለዳ እስከ ሌሊት አሸምነዋቸዋል። ዘመድነት በጎ ነገር ነው፤ ዘመድነትን መሸፈኛ አድርጎ ልጅን ማስጨነቅ ግን ከባዕድ ጭካኔ ይከፋል። እኛም ርካሽ ነጠላ ስንፈልግ የማን እጅ እንደ ሠራው ካልጠየቅን ከበደሉ ነፃ አይደለንም።

ከዚህም በላይ ሥራው ራሱ ብዙ ፈተና ደርሶበታል። ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከአሜሪካ የሚመጣው አቡጀዲ በገበያው ተስፋፋ። በኋላም በድሬ ዳዋ፥ በአቃቂና በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። የፋብሪካ ክር እየበዛ ሲሄድ ሸማኔው ሥራው ቀለለለት፤ ፈታይዋ ግን ገበያዋ ቀዘቀዘ። ሸማኔውም ቢሆን ክሩን ከነጋዴ በዱቤ እየወሰደ ጨርቁን መልሶ ለነጋዴ ስለሚሸጥ፥ ትርፉ ከእጁ ይልቅ በሌላው ኪስ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1844 የነበሩ ሸማኔዎች ደመወዛቸው ያነሰ፥ የሚገዙት ምግብም የተወደደና የተበረዘ ነበር። እነዚህ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች 28 ሆነው በየሰዉ አንድ አንድ ፓውንድ በጥቂት በጥቂቱ አዋጡና ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። መጀመሪያ ይሸጡ የነበረው ዱቄት፥ ቅቤ፥ ስኳር፥ አጃና ሻማ ብቻ ነበር። በሚዛናቸው አላጭበረበሩም፤ ትርፉንም ገዢዎቹ ለሆኑት አባሎች አካፈሉ። ከዚያች ትንሽ ሱቅ የተነሣው ሥርዓት በዓለም ሁሉ ላሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ምሳሌ ሆነ። በአገራችንም በ1970 ዓመተ ምሕረት በአዋጅ ቍጥር 138፥ ኋላም በ1991 በአዋጅ ቍጥር 147 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ ወጣላቸው፤ ሸማኔዎችም ክር በአንድነት ለመግዛት ተደራጅተዋል። ማኅበሩ በታማኝ ሰው እጅ በሆነበት ስፍራ አባሎቹ ተጠቀሙ፤ ገንዘብ ያዡ በተንኰል በሠራበት ስፍራ ፈረሰ። ስለዚህ የማኅበር ድሩ ደንብ ነው፤ ማጉ ግን መተማመን ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጨርቅ አይሆንም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በመስከረም 2011 ዓመተ ምሕረት በቡራዩና በአካባቢዋ በተነሣው ሁከት ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቈጠሩም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ፤ በሽመና የሚተዳደሩም ብዙ ነበሩባቸው። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች በቍጣ ተነሥተው በዚያ የሚኖሩትን ንጹሓን ሰዎች ለመበቀል ወጡ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት መንገድ ላይ ተንበረከኩ። በባህላቸው ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ተራምዶ ማለፍ ነውር ስለ ሆነ ወጣቶቹ ቆሙ፥ ወደ ቤታቸውም ተመለሱ። የሽማግሌዎቹ ሐዘን ከወጣቶቹ ሐዘን ያነሰ አልነበረም፤ የሞቱት የእነርሱም ልጆች ነበሩ። ነገር ግን በደል በበደል ሲመለስ ድሩ ሁሉ እንደሚበጠስ ያውቁ ነበር።

ወጣቶች ሆይ፥ እናንተም ሸማ ስትለብሱ ይህን ሁሉ አስቡ። የምትለብሱትን የሠራላችሁን ሰው አትናቁ፤ ተንቃችሁ እንደ ሆነም ከእናንተ በታች የምትንቁት ሰው አትፈልጉ። ሸማኔው አንድ ክር ሲበጠስበት ሥራውን አቁሞ ጐንበስ ብሎ ይቀጥለዋል እንጂ «አንድ ክር ምን ያደርጋል» ብሎ አያልፈውም፤ ቢያልፈው ጨርቁ ከዚያ ይተረተራልና። እኔ በልጅነቴ አንድ ክር በጥሼ አልፌአለሁ፤ ልቀጥለው በፈለግሁም ጊዜ ጫፉን አላገኘሁትም። እናንተ ግን የበጠሳችሁት ካለ ጫፉ ሳይጠፋባችሁ ዛሬውኑ ቀጥሉት።