በጦር ሜዳ የወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ በኢትዮጵያ

በጦር ሜዳ የወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ በኢትዮጵያ በሦስት መንገድ የሚከናወን ነው፤ እነዚህም በቤተሰብና በቤተ እምነት የሚደረገው ለቅሶ፣ ጸሎትና ተዝካር፣ በየዓመቱ የሚከበሩት ብሔራዊ ቀናት፣ እንዲሁም በከተሞች የቆሙት ሐውልቶች ናቸው። በቀድሞ ጦርነቶች የሞተው ዘማች በአብዛኛው የወደቀበት ቦታ ተቀብሮ ስለቀረ መቃብሩ ለቤተሰቡ አይታወቅም። ስለዚህ መታሰቢያው በመቃብር ድንጋይ ላይ ሳይሆን በስምና በቀን ላይ የተመሠረተ ነው።

== በቤተሰብና በቤተ እምነት ==

በአማራ ክልል ገጠሮች የሞት ዜና ለቤተሰብ የሚነገረው በመርዶ ነው። ሽማግሌዎች፣ ዘመዶችና ጎረቤቶች ተሰብስበው አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ወደ ሟቹ ቤት ይሄዳሉ። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃ ወይም ፎቶግራፍ ለለቀስተኛው ይወጣል። ሴቶች ሙሾ ያወርዳሉ፤ ወንዶች በሽለላና በፉከራ የሟቹን ጀግንነት ያነሳሉ። የለቅሶውን ወጪና ሥራ ዕድርና ጎረቤት ያግዛል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሟቹ በክርስትና ስሙ እየተጠራ ጸሎት ይደረግለታል። በአርባኛው ቀን ተዝካር ይወጣል፤ በሰማንያው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱም መታሰቢያ ይደረጋል። በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ዱዓና ሰደቃ ይደረጋል። አስከሬኑ በሌለበት የሚሰገድ ሰላተል ጋኢብ የተባለ ስግደትም አለ።

== ከጣሊያን ወረራ በፊት ==

በቀድሞው ሥርዓት ዘማቹ ስንቁንና መሣሪያውን ይዞ አለቃውን ተከትሎ የሚወጣ ባላገር ነበር። የደመወዝ መዝገብ ስላልነበረው የሞቱት ተራ ዘማቾች ስም ዝርዝር አልቀረም። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ሳር ውሃ ላይ በሱዳን መሐዲስቶች ተሸንፎ ብዙ ሰው አልቋል። ከስምንት ዓመት በኋላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው የአድዋ ጦርነትም ንጉሡ የጎጃምን ጦር ይዘው ተሰልፈዋል። በአድዋ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል፤ በታሪክ ጽሑፎች በስም የሚታወቁት ግን በአብዛኛው መኳንንቱና የጦር አለቆቹ ናቸው።

የአድዋ መታሰቢያ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነው። ጦርነቱ የዋለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ስለሆነ በአዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ከድሉ ጋር አብሮ ይነሳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ፒያሳ የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል።

== የአርበኝነት ዘመን በጎጃም ==

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጎጃም ከዋና ዋና የአርበኞች ምድሮች አንዱ ነበር። በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬና ኃይሉ በለው ከታወቁት መሪዎች ውስጥ ናቸው። ተከታዮቻቸው በአብዛኛው የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገር ገቡ። በእንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራውና የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ያሉበት የጌዴዎን ጦር ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ገፋ። በዚሁ መንገድ ላይ ደምበጫና የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አማኑኤል ይገኛሉ። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደምበጫ አቅራቢያ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ከቡሬ በሚያፈገፍገው የጣሊያን ጦር መንገድ ላይ ተገኝቶ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ በዚያው ቀን የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። በወር 28 ቀን በኦርቶዶክስ ምእመናን ዘንድ የአማኑኤል በዓል ነው።

በዚያ ዘመቻ ለሞቱት የተደረገው መታሰቢያ እኩል አልነበረም። የእንግሊዝና የተባባሪ አገሮች የጦር መቃብር ኮሚሽን ለእያንዳንዱ ሟች፣ ማዕረግ ሳይለይ፣ የራሱ ድንጋይ ወይም በመታሰቢያ ላይ የተጻፈ ስም እንዲኖረው የሚያደርግ ሲሆን በአዲስ አበባም የሚጠብቀው የጦር መቃብር አለ። አብዛኛው ባላገር አርበኛ ግን እንዲህ ያለ መቃብር የለውም።

ከድል በኋላ መሪዎቹም ቢሆኑ ሁሉም ወዲያው አልተከበሩም። «አባ ኮስትር» በሚል የፈረስ ስም የሚታወቁት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በመንግሥት ላይ ተነሥተዋል ተብለው በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተገደሉ። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል።

== ብሔራዊ ቀናት ==

* '''የካቲት 12''' የሰማዕታት ቀን ነው። በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ በአዲስ አበባ የተጨፈጨፈው ሕዝብ ይታሰብበታል። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 አድርሶታል። ሟቾቹ በአብዛኛው ወታደሮች ሳይሆኑ ሲቪሎች ናቸው።
* '''የካቲት 23''' የአድዋ ድል በዓል ነው።
* '''ሚያዝያ 27''' የአርበኞች የድል ቀን ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማው ተመለሱ። በአራት ኪሎ የድል ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ አርበኞችና ልጆቻቸው ሜዳይ አድርገው፣ ጎፈርና ጋሻ ይዘው ይገኛሉ። በደርግ ዘመን በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል።

== ሐውልቶች ==

በስድስት ኪሎ የሚገኘው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት በዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች በአንቱን አውጉስቲንቺችና በፍራኖ ክርሺኒች ተሠርቶ በ1947 ዓ.ም. ተመርቋል። በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ የአርበኞች መቃብርና መታሰቢያ ይገኛል።

በኮሪያ ጦርነት ከተሰለፉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ120 በላይ ሞተዋል። አስከሬናቸው ወደ አገር የተመለሰ ሲሆን በደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ከተማም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ለሞቱት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች የትግላችን ሐውልት በመስከረም 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመርቋል። በኢሕአዴግ ዘመን ደርግን ሲወጉ ለሞቱት ታጋዮች በመቀሌና በባሕር ዳር የሰማዕታት ሐውልቶች ተሠርተዋል። በዚያው ጦርነት በሌላው ወገን፣ በመንግሥት ጦር ውስጥ የሞቱት ወታደሮች በእነዚህ ሐውልቶች አይታሰቡም። ከአንድ ቤተሰብ በሁለቱም ወገን የተሰለፉ ነበሩና በቤት ውስጥ የሚወጣው ተዝካር ይህን ልዩነት አያውቅም።

== የቅርብ ጊዜ ጦርነቶችና የስም ጉዳይ ==

ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የሁለቱ አገሮች ሟቾች በአስር ሺዎች ይገመታሉ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜን ዕዝ ጥቃት የደረሰበት ቀን በመከላከያ ሠራዊት ዘንድ በየዓመቱ ይታሰባል። ያ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ በትግራይ ለሞቱት ተዋጊዎች ቤተሰቦች መርዶ ተነግሮ የሦስት ቀን ኀዘን ታውጇል።

የዘመናዊው ሠራዊት አባል እንደ ቀድሞው ባላገር ዘማች አይደለም፤ ስሙ በመዝገብ የሰፈረ ነው፤ ሲሞትም የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹና ወላጆቹ በሕግ የተተኪ ጡረታ አላቸው። ይሁን እንጂ የመንደሩ ሰው ስሙን የሚሰማው እንደ ቀድሞው ሁሉ በመርዶው ዕለትና ቤተሰቡ ተዝካር ባወጣ ቁጥር ነው።