ከአውሮፕላኑ መስኮት የማይታየው ናሚቢያ

የአፍሪካን በረሃና የዱር አራዊት በአውሮፕላን የሚያስጎበኙ ድርጅቶችን ብሮሹር አገላብጣችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ናሚቢያ ላይ ሲደርሱ ሁሉም የሚወዱት አንድ ቃል አላቸው፤ ‹‹ባዶ››። ባዶ በረሃ፣ ባዶ የባሕር ዳርቻ፣ ባዶ ሰማይ። ጉዞውም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። እንግዳው ዊንድሆክ ያድራል፤ በማግስቱ ኢሮስ ከሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ አምስት ስድስት ሰው በምትይዝ ሴስና ይነሳል፤ ሶሱስፍሌይ ላይ ቀያዮቹን የአሸዋ ተራሮች ያያል፤ ወደ ስዋኮፕሙንድ ይሻገራል፤ ስኬሌተን ኮስትን ይዞ ወደ ሰሜን እየበረረ የመርከብ ስብርባሪ ቁልቁል ይመለከታል፤ ዳማራላንድ ላይ የበረሃ ዝሆን፣ ኢቶሻ ላይ አንበሳና አውራሪስ አይቶ ይመለሳል። የአውሮፕላኗ ዕቃ መጫኛ ጠባብ ስለሆነ ሻንጣው ለስላሳና ቀላል መሆን አለበት። ኪሱ ግን ከበድ ቢል ይመረጣል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ብሮሹሩ አልዋሸም። ናሚቢያ 824,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አላት፤ የኢትዮጵያን ሦስት አራተኛ ማለት ነው። በ2023 በተደረገው ቆጠራ ግን ሕዝቧ 3 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ያንሳል። በረሃው በረሃ ነው፤ ማንም አልፈጠረውም። ሆኖም ከዚህ ባዶነት መካከል ቀን የተቆረጠለት፣ ትእዛዝ የተጻፈለት፣ ፊርማ ያረፈበትም አለ። እኛም የጎብኚዎቹን መንገድ እየተከተልን እሱን እንፈልግ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሶሱስፍሌይ ላይ ብዙ አንቆይም። ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው የአሸዋ ክምሮች አሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ ዴድፍሌይ በሚባለው ነጭ የደረቀ ኩሬ ውስጥ ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመታት ያለፋቸው፣ ግን አየሩ ከመድረቁ የተነሳ መበስበስ ያቃታቸው የግራር ዛፎች ቆመዋል። አሸዋው የወንዙን መንገድ ስለዘጋባቸው በጥም ነው የሞቱት። እዚህ የምንከሰው ሰው የለም።

ወደ ደቡብ ዝቅ ስንል ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1908 ዘካርያስ ሌዋላ የተባለ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ፣ ሉደሪትዝ አጠገብ አሸዋ ሲጠርግ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አገኘና ለጀርመናዊው አለቃው ለአውጉስት ሽታውኽ ሰጠው። አልማዝ ነበር። ሽታውኽ ከበረ፤ ሌዋላ ምንም አላገኘም። በዚያው ዓመት መስከረም የጀርመን ቅኝ መንግሥት በአካባቢው ሰፊ መሬት ከልሎ ‹‹ሽፔርጌቢት››፣ ማለትም የተከለከለ ቀጠና አለው። ማንም ዝር እንዳይል። ኮልማንስኮፕ የምትባል የአልማዝ ከተማ በአሸዋው መሀል ተቆረቆረች፤ ሆስፒታል፣ የበረዶ ፋብሪካ፣ የቦውሊንግ መጫወቻ ሳይቀር ነበራት። በ1956 የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ጥለዋት ሄዱ። እስከ ወገቡ አሸዋ የሞላውን፣ ግድግዳው ሰማያዊ የሆነውን ክፍል ፎቶ ሁላችንም አይተነዋል። የተከለከለው ቀጠና ራሱ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ2008 ነው፤ ድፍን መቶ ዓመት ቆይቶ።

አልማዙ ከመገኘቱ ከአራት ዓመት በፊት የሆነውን ሳናነሳ ማለፍ አይቻልም። በ1904 ሄሬሮዎች መሬታቸውንና ከብታቸውን በነጠቋቸው ሰፋሪዎች ላይ ተነሱ። ነሐሴ ላይ ዋተርበርግ ከተካሄደው ውጊያ በኋላ የጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታ ጦር ሕዝቡን ከነልጅ ከነሽማግሌው ወደ ኦማሄኬ በረሃ ገፋው፤ የውሃ ጉድጓዶቹንም ጠበቀባቸው። ጥቅምት 2 ቀን ጄኔራሉ በጀርመን ወሰን ውስጥ የተገኘ ሄሬሮ ሁሉ፣ መሣሪያ ያዘም አልያዘ፣ እንዲገደል የሚያዝ ጽሑፍ አወጣ። ቀጥለው ናማዎች ተነሱ፤ እነሱንም ያው ዕጣ ጠበቃቸው። ከጥይትና ከጥም የተረፉት ካምፕ ገቡ። ከካምፖቹ ሁሉ የከፋው ሉደሪትዝ ፊት ለፊት ያለው የሻርክ አይላንድ ካምፕ ነበር። ብዙ የታሪክ ሰዎች ከአምስት ሄሬሮ አራቱ፣ ከሁለት ናማ አንዱ እንዳለቀ ይገምታሉ። ጀርመን ነገሩን ‹‹የዘር ማጥፋት›› ብላ በይፋ የጠራችው በግንቦት 2021 ነው፤ በ30 ዓመት የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮም መደበች። የሟቾቹ ዘሮች ‹‹እኛን ማን አማከረን?›› አሉ፤ ገንዘቡም ‹‹ካሳ›› እንዳይባል ተጠንቅቀውበታል።

አውሮፕላንም ቢሆን እዚህ አገር ሥራ የጀመረው ጎብኚ በማመላለስ አልነበረም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ግዛቲቱን ለደቡብ አፍሪካ በአደራ ሰጠ። አዲሱ ባለአደራ በውሻ ላይ ግብር ጣለ። ውሻ ላይ! ያስቃል፤ ግን የደቡቡ ቦንደልስዋርት ናማ በውሻው አድኖ የሚበላ ሕዝብ ነበር። ውሻውን መመገብ ካልቻለ ለነጭ ገበሬ ተቀጥሮ መሥራት ግዱ ነው፤ የግብሩም ትርጉም ይኸው ነበር። በ1922 አንከፍልም ብለው ሲሸፍቱ መንግሥት 400 ያህል ወታደርና ሁለት አውሮፕላን ላከ። ቦምቡ የወደቀው ሴቶችና ሕፃናት ከነከብቶቻቸው በተሰበሰቡበት ሰፈር ላይ ጭምር ነበር፤ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ጄኔቭ ላይ ጉዳዩን አንስቶ የጮኸው የሄይቲ መልእክተኛ ዳንቴስ ቤልጋርድ ነበር።

ስኬሌተን ኮስት ደግሞ አውሮፕላኑ ራሱ የተሸነፈበት ቦታ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1942 ደነዲን ስታር የተባለች የእንግሊዝ ዕቃ ጫኝ መርከብ 106 ሰው ይዛ ከዳርቻው ተላተመች። ከ60 በላይ የሚሆኑት፣ ሴቶችና ሕፃናትም አሉባቸው፣ ውሃና ጥላ በሌለው አሸዋ ላይ ወጡ። ሊረዳ የመጣ ጎታች መርከብ ራሱ ከዳርቻው ተላተመና ሁለት ሰው ሞተበት፤ አንደኛው የአገሩ ልጅ ማቲያስ ኮራሴብ ነው። ስንቅ ያመጣ ወታደራዊ አውሮፕላን አረፈና ጎማው አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። ከወር በላይ ቆይተው ቆፍረው አወጡት፤ ተነሳና ከአንድ ሰዓት ያነሰ በርሮ ባሕር ውስጥ ወደቀ! አብራሪዎቹ በተአምር ተርፈው በእግራቸው ወጡ። የመርከቧ ሰዎች ሁሉ ዳኑ። ጆን ማርሽ በ1944 ያሳተመው መጽሐፍ ነው ለዳርቻው የዛሬ ስሙን ያስለመደው። በ1970ዎቹ ሉው ሾማን የተባለ የዊንድሆክ ጠበቃ በዚያው ዳርቻ ላይ እንግዶችን በትንንሽ አውሮፕላን ማስጎብኘት ጀመረ፤ ቤተሰቡም ሥራውን ቀጠለበት። የዛሬዎቹ ብሮሹሮች አያት ይኸ ነው ማለት እንችላለን።

ዳማራላንድ ላይ፣ ለወጉ ያህል ሳይሆን ከልባችን፣ ጥሩም እንናገር። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጋርዝ ኦወን-ስሚዝና የአካባቢው አለቆች አዳኞቹን ራሳቸውን የዱር እንስሳት ጠባቂ አድርገው ቀጠሩ። ከነፃነት በኋላ በ1996 የወጣው ሕግ ማኅበረሰቦች በመሬታቸው ላይ ካሉት እንስሳትና ከቱሪዝም ገቢ እንዲያገኙ ፈቀደ። ከ80 በላይ እንዲህ ያሉ ጥብቅ ቦታዎች ተመዝግበዋል። ፍየሉን አንበሳ የበላበት፣ የውሃ ታንከሩን ዝሆን የሰበረበት ሰው አሁንም ያማርራል፤ ቢያንስ ግን አቤት የሚልበት ኮሚቴ አለው።

ኢቶሻ የመጨረሻው ማረፊያ ነው። ይህን ጥብቅ ክልል የጀርመኑ ገዥ ፍሪድሪኽ ፎን ሊንደክዊስት ያወጀው በመጋቢት 1907 ነው፤ እስረኞች ገና በሻርክ አይላንድ እየሞቱ ሳለ ማለት ነው። ለአንበሳና ለሜዳ አህያ የታዘነው ሰው በሚያልቅበት ወር ነበር። በክልሉ ውስጥ ግን ሃይኦም የሚባሉ የሳን ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩ ነበር። እያንዳንዱ ምንጭ በእነሱ ቋንቋ ስም አለው። በ1954 የደቡብ አፍሪካ አስተዳደር ውጡ አላቸው። ለፓርኩ ሥራ የሚፈለጉ ጥቂቶች ቀሩ፤ የተቀሩት በዙሪያው ባሉ የነጭ እርሻዎች ተበተኑ። ዛሬ ጎብኚው ከምንጩ ዳር ተቀምጦ ዝሆን ሲጠጣ ሲያይ፣ ‹‹ሰው ያልነካው›› ይባልለታል።

የእኛም አገር ስም ከዚህ ታሪክ ውስጥ አለ፤ ትምህርት ቤት ሳለን አንድም መምህር አላነሳልንም እንጂ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1923 ነው። በዚህ አባልነቷ መብት ከላይቤሪያ ጋር ሆና ኅዳር 4 ቀን 1960 ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ አደራሽን በልተሻል፣ አፓርታይድን በአደራ ምድር ላይ ተክለሻል ብላ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሐምሌ 18 ቀን 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ አውስትራሊያዊው ፕሬዚዳንት ፐርሲ ስፔንደር ባላቸው ወሳኝ ድምፅ መዝገቡ ተዘጋ። ምክንያት? ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በጉዳዩ የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ መብት አላሳዩም። አደራው ተበልቷል ወይስ አልተበላም የሚለውን ፍርድ ቤቱ አልነካውም። በቀጣዩ ወር፣ ነሐሴ 26፣ የስዋፖ ተዋጊዎች ኦሙጉሉግዎምባሼ ላይ የመጀመሪያውን ውጊያ ገጠሙ። ነፃነት የመጣው መጋቢት 21 ቀን 1990 ነው።

ሃይኦሞች ደግሞ በ2015 በራሳቸው መንግሥት ፍርድ ቤት ቀረቡ። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ የኢቶሻን መሬት ጉዳይ ሕዝባቸውን ወክለው ለመክሰስ ፈቃድ ጠየቁ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 አልፈቀደም፤ ይግባኙንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 አልተቀበለውም። መሬቱ የማን ነበር የሚለው ጥያቄ እዚህም አልተደረሰበትም፤ ሰዎቹ በሕዝባቸው ስም የመቅረብ መብት የላቸውም ተባለ።