«ኮርን» ሁልጊዜ በቆሎ አይደለም

«ኮርን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በመዝገበ ቃላት የሚፈልግ ሰው «እህል» እና «በቆሎ» የሚሉ ሁለት ፍችዎች ያገኛል። የትኛውን እንደሚወስድ አለማወቁ ለጋይንት ደጋ ገብስና ስንዴ አምራች የአንድ ዓመት አዝመራ ሊያሳጣው ይችላል።

ቃሉ ጥንት የማንኛውም እህል ፍሬ መጠሪያ ነበር። በእንግሊዝ ስንዴን፣ በስኮትላንድ ደግሞ አጃን ሲያመለክት ቆይቷል። ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሻገሩት እንግሊዛውያን በዚያ ያገኙትን በቆሎ «የሕንዶች ኮርን» አሉት፤ ውሎ አድሮ የፊተኛው ቃል ቀርቶ «ኮርን» ብቻ ሆነ። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው «ኮርንድ ቢፍ» ግን ከበቆሎም ከእህልም አይገናኝም፤ ስሙን ያገኘው ሥጋው ከሚታሽበት የጨው ጠጠር ነው።

ወደ ፖርቱጋልኛ የሚመልስ ተርጓሚም ከመምረጥ አያመልጥም። በቆሎ ከሆነ «ሚልዮ»፣ ስንዴ ከሆነ «ትሪጎ»፣ በጥቅሉ እህል ከሆነ «ሴሬያይስ» ይላል። በጠባብ ጫማ ምክንያት በእግር ጣት ላይ የሚወጣው ደረቅ ቆዳም በእንግሊዝኛ «ኮርን» ስለሚባል፣ ለእርሱ «ካሉ» የሚል ሌላ ቃል አለው። «ሚልዮ» ራሱ ጥንት ዳጉሳን የመሰሉ ደቃቅ እህሎች ስም ሲሆን፣ በቆሎ ከአሜሪካ ሲመጣ ለእንግዳው ሰብል ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጉዞ ታሪኩ «ሚልዮ ዛቡሮ» ያለው እህል ማሽላ ይሁን በቆሎ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

አማርኛም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። የአገሬው ሰው እንግዳውን ሰብል በሚያውቀው ማሽላ መስሎ «የባሕር ማሽላ» ብሎታል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ነው። የእኛ ስያሜ ከሁሉም ይሻላል፤ አዲሱን ከነባሩ የሚለይበት ቃል አብሮት አለና።

ጉዳቱ የሚመጣው በፀረ-አረም ዕቃ ላይ ነው። አትራዚን ያለበት ፀረ-አረም የበቆሎን ማሳ ከአረም ሲያጸዳ በቆሎውን አይጎዳም፤ ገብስና ስንዴን ግን ያደርቃል። በዕቃው ላይ «ለኮርን» የሚለውን «ለእህል» ብሎ የተረዳ ገበሬ የገብስ ማሳውን በገዛ እጁ ያጠፋል። በመለያው ላይ ሳይንሳዊው ስም ካለ እርሱን ማየት ይቀላል፦ «ዚያ ሜይስ» በቆሎ ብቻ ነው፤ ገብስ «ሆርዲየም ቩልጋሬ» ይባላል። ስሙ ከሌለ ዕቃው ሳይከፈት ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይታይ።