ሲኒማና የዘመን ጉዞ

«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ይላል ያገራችን ሰው። ነገሩ እውነት ነው፤ ያለፈች ዕለት በወርቅ አትገዛም፥ በጸጸትም አትመለስም። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ይህን እያወቀ ወዳለፈው ዘመን መመለስን፥ ወደሚመጣውም ቀድሞ መድረስን መመኘት አልተወም። ምኞቱም በኑሮ ባይሳካ በሲኒማ መጋረጃ ላይ መፈጸም ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አንዳንድ ወላጆች ፊልም ጊዜ ማባከኛ ነው ይላሉ። እኛ ግን ስለ ጊዜ ስለ ራሱ የሚናገሩትንና የተመልካቹን አእምሮ የሚያዞሩትን ፊልሞች ታሪክ በአጭሩ ተመልክተን፥ ለምን እንደሚስቡን ለመግለጽ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጊዜ መኪና ታሪክና ሲኒማ እኩዮች ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ፥ አንድ ሊቅ ራሱ በሠራው መኪና ተቀምጦ ወደ ሩቅ ዘመን ሲጓዝ የሚተርከውን «የጊዜ መኪና» የተባለውን መጽሐፍ በ1895 አሳተመ። በዚያው ዓመት፥ ዲሴምበር 28 ቀን፥ ሉሚዬር የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳዩ። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው ሮበርት ፖል የተባለው የለንደን መሣሪያ ሠሪ ያሰበው ነገር ነው። ይህ ሰው የዌልስን ታሪክ መሠረት አድርጎ፥ ተመልካቾች በሚንቀሳቀስ መድረክ ላይ ተቀምጠው በፊታቸው በሚታየው ሥዕል አማካይነት ወደ ጥንትና ወደ ፊት የሚጓዙ እንዲመስላቸው የሚያደርግ ትርኢት አቀደ፤ በ1895ም የፈጠራ መብት ማመልከቻ አቀረበ። ትርኢቱ ሳይሠራ ቢቀርም፥ ሲኒማ ገና በእግሩ ሳይቆም ለዘመን ጉዞ ታስቦ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። ሉሚዬሮች በ1896 አንድ ግንብ ሲፈርስ የሚያሳይ አጭር ፊልም አነሡ። ፊልሙ ወደ ኋላ ሲዞር ግን የወደቀው ግንብ ከአቧራው ተነሥቶ እንደ ቀድሞው ይቆማል። እንግዲህ በተረታችን የማይታፈሰው ውኃ በመጋረጃው ላይ ታፈሰ ማለት ነው። ጆርጅ ፓል የዌልስን መጽሐፍ በ1960 ወደ ፊልም ሲለውጥ፥ ሻማ በቅጽበት ሲያልቅ፥ በሱቅ መስኮት የቆመችው የልብስ ማሳያ ምስልም ዘመን በተለወጠ ቁጥር ልብሷ ሲለዋወጥ አሳየን። ፊልሙ ስለዚህ ዓይነቱ ብልሃት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል።

ነገር ግን የሚስበን ብልሃቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ የፈረንሳዊው የክሪስ ማርከር «ላ ዠቴ» ባልተወደደ ነበር። ይህ በ1962 የወጣው የ28 ደቂቃ ፊልም ከአንዲት ቅጽበት በቀር በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች የተሠራ ነው። አንድ ልጅ በኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ የአንዲት ሴት ፊት ያያል፤ አንድ ሰው ሲሞትም ያያል። ካደገ በኋላ፥ ከታላቅ ጦርነት ወዲያ፥ ሊቃውንት ወዳለፈው ዘመን ይልኩታል። በመጨረሻም ወደዚያች ሴት ሲሮጥ ይገደላል፤ በልጅነቱ ሲሞት ያየው ሰው ራሱ ኖሯል። ተመልካቹ የሚያዞረውን እንቆቅልሽ ሲፈታ የሚያገኘው የመኪና ምሥጢር ሳይሆን የሰው ናፍቆት ነው።

በ1985 የወጣው የሮበርት ዜሜኪስ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ደግሞ ይህንኑ ነገር በሣቅ ያቀርበዋል። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ 30 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ፥ አባትና እናቱን ገና ተማሪዎች ሳሉ ያገኛቸዋል። ሳያስበው እንዳይተዋወቁ እንቅፋት ስለሚሆንባቸው፥ በያዘው ፎቶግራፍ ላይ ያሉት ወንድሙና እኅቱ አንድ ባንድ መጥፋት ይጀምራሉ። እኛም ከሣቃችን በኋላ ሁለት ነገር እናስባለን፤ ወላጆቻችን አንድ ጊዜ እንደኛ ወጣቶች እንደ ነበሩና የኛም መኖር በትንንሽ አጋጣሚዎች ላይ የቆመ መሆኑን።

ወደ ፊት መጓዝስ ፈጽሞ ልብ ወለድ አይደለም። የአይንሽታይን ትምህርት ጊዜ ለሁሉ እኩል እንደማይሮጥ ይገልጻል። በ1971 እጅግ ትክክለኛ የሆኑ ሰዓቶች በአውሮፕላን ተጭነው ዓለምን በዞሩ ጊዜ፥ በምድር ከቀሩት ጋራ በቢሊዮንኛ ሴኮንድ የሚቆጠር ልዩነት ታይቷል። በ1914 ሳይሆን በ2014 ለወጣው ለክሪስቶፈር ኖላን «ኢንተርስቴላር» በምክር የረዳው ኪፕ ቶርን የተባለው ሊቅ፥ በ2017 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው አንዱ ነው። በፊልሙ ውስጥ በአንዲት ዓለም ላይ የሚያልፍ አንድ ሰዓት በምድር 7 ዓመት ይሆናል። አባትየው ከዚያ ሲመለስ የ23 ዓመት መልእክት ተከማችቶ ይጠብቀዋል፤ ልጆቹ ሲያድጉ ባንድ መቀመጫ አይቶ ያለቅሳል። ሒሳቡ ባይገባን እንኳ ልቅሶው ይገባናል።

ያገራችን ልጅ ኃይሌ ገሪማም በ1993 ባወጣው «ሳንኮፋ» በዚህ መንገድ ተጉዟል። በጎንደር ተወልዶ በአሜሪካ ሲኒማን ያስተማረው ይህ ሰው፥ ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ ጋና የሄደችውን ዘመናዊት ሴት ከባሪያ ንግድ ምሽግ አንሥቶ ወደ ባርነት ዘመን ይወስዳታል። በዚህ ፊልም መኪና የለም፥ ዘመንን ማረምም የለም። ያለው ማየትና መቅመስ ነው፤ ሴቲቱም ስትመለስ የሄደችው ሴት አይደለችም። የፊልሙ ስም በጋና አካኖች ቋንቋ «ተመልሰህ ውሰድ» ማለት ነው።

እንግዲህ እነዚህ ፊልሞች የሚስቡን ያለፈውን ለመለወጥ ያለንን ምኞት ስለሚነኩ ነው፤ ነገር ግን የተሻሉት ምኞቱን ካሳዩን በኋላ ዋጋውንም ያሳዩናል። አንዲት ክር ቢመዝዙ ልብሱ በሙሉ ይተረተራል። የታሪክ ተማሪ ሥራም ይኸው ነው፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ፥ ምክንያትን ከውጤት ጋራ ማያያዝ። የፈሰሰውን ውኃ ማፈስ አይቻለንም፤ ከየት እንደ ፈሰሰ ማወቅ ግን ይቻለናል። ዛሬ የምንኖረውም ነገ ሌሎች ተመልሰው ሊያዩት የሚመኙት ዘመን ነውና፥ ሲያዩት የማናፍርበት እንዲሆን እንትጋ።