በሦስት የሚባዛው ጦር

በኮሪያ ጦርነት፣ በ1950 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኦገስት ከደቡብ ኮሪያዋ ወደብ ከፑሳን ተጭነው ጃፓን ከደረሱት ኮሪያውያን አንዱ የትምህርት ቤት መጻሕፍቱን እንደያዘ ነበር። ሌላው ለታመመች ሚስቱ መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ ከመንገድ የተወሰደ ነው፤ መድኃኒቱ ገና በእጁ ነው። በእኛ አገር ቋንቋ፣ አፈሳ።

የተላኩት ወደ አሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ነበር። ጃፓን ሰፍሮ የነበረው ይህ ጦር ወታደሮቹ ቀድመው ወደ ኮሪያ ለዘመቱት ክፍሎች እየተቀነሱ ተሰጥተውበት ሳስቶ ነበር። ጉድለቱን ከ8,600 በላይ ኮሪያውያን ሞሉት።

ወረቀቱ ላይ አደረጃጀቱ በሦስት የሚባዛ ነው፦ ሦስት ሬጅመንት፣ በየሬጅመንቱ ሦስት ሻለቃ፣ በየሻለቃው ሦስት ተኳሽ ሻምበልና አንድ የከባድ መሣሪያ ሻምበል። ሁለቱ ሲዋጉ ሦስተኛው ተጠባባቂ ይሆናል። የ7ኛው ሬጅመንቶች 17ኛው፣ 31ኛውና 32ኛው ነበሩ። መድፈኛው፣ ታንከኛው፣ መሐንዲሱና ሐኪሙ ተጨምሮ ሲሟላ ወደ 18,800 ሰው ይደርሳል። ሲሟላ ነው እንግዲህ።

ክፍለ ጦሩ በ1917 ተቋቋመ። ዓርማው ቀይ ክብ ላይ ያረፈ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ነው፤ አንዱ ተገልብጦ የተጋጠሙ ሁለት የ7 ቁጥሮች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሰሜን አፍሪካ ተብሎ በካሊፎርኒያ በረሃ ሲሠለጥን ቆይቶ፣ በ1943 ሜይ የዘመተው ግን ጭጋግና ረግረግ ወደሞላባት ወደ አላስካዋ አቱ ደሴት ነው። የቆዳ ጫማው ውኃ ያስገባ ነበር። በብርድ የተጎዳው ሰው በጥይት ከቆሰለው አላነሰም።

ኮሪያም ውስጥ ብርዱ ጠበቀው። በ1950 ኖቬምበር 17ኛው ሬጅመንት ከቻይና ድንበር፣ ከያሉ ወንዝ ዳር ደረሰ። ብዙ ሳይቆይ በቾሲን ሐይቅ ምሥራቅ፣ የ31ኛውና የ32ኛው ሻለቆች ያሉበት 3,200 ያህል ሰው የያዘ ግብረ ኃይል በቻይና ጦር ተከበበ። ለውጊያ ብቁ ሆኖ የተረፈው 385 ገደማ ነው።

በ1951 ሜይ ከኢትዮጵያ ክቡር ዘበኛ የተውጣጣው፣ በራስ መኮንን የፈረስ ስም የተጠራው ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወረደ። ከሥልጠና በኋላ የተመደበው ለ32ኛው ሬጅመንት ነው። እዚህ ላይ የሦስቱ ሕግ ፈረሰ፤ ሬጅመንቱ አራተኛ ሻለቃ አገኘ፣ ያውም በአማርኛ የሚታዘዝ። በ1953 ሜይ ዮክ በተባለችው ኮረብታ ላይ የነበሩት የቃኘው ወታደሮች በሌሊት ሲጠቁ፣ መድፍ የጠየቁት ከዚሁ ክፍለ ጦር ነበር።

በአቅራቢያው ያለውን ፖርክ ቾፕ የተባለ ኮረብታ 7ኛው ብዙ ደም ከፍሎበት በጁላይ 11 ለቀቀው። ተኩስ አቁሙ የተፈረመው ከ16 ቀን በኋላ ነው።